ቮልሷ ስትገፈፍ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ቮልስ ላውራችሁ።

ቀይ ናት። ቀይ ስላችሁ ፀሐይ የበላው፣ የደከመ ቀይ እንዳይመስላችሁ፤ ሰማዩንና የመብራት ምሰሶውን ኮፈኗ ላይ ይዛ ጋራዡ ደጃፍ የደረሰች፣ አላፊ አግዳሚውን የምታስቆም ቀይ። በፈረንጅ የ62 ሞዴል ናት። እየነዳች ያመጣቻት ባለቤቷ ባንክ የምትሠራ ወጣት ስትሆን፣ ከገዛቻት ዓመት አልሞላትም። የመጣችበት ጉዳይም ቀላል ነበር፤ በሾፌሩ በኩል፣ ከበሩ ግርጌ፣ አንዲት እብጠት ብቅ ብላለች። "ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ነካ አድርገው ቀለሟን ያመሳስሉልኝ" አለች።

ጋሼ ያለቻቸውን ሰው ስም አልጠራም፤ እሳቸውም አይወዱም። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ የቦዲ ባለሙያ ናቸው። ጆሯቸው ከብዷል፤ እጃቸው ግን አልከበደም። መልስ አልሰጧትም። ከቱታቸው ኪስ በካልሲ ቁራጭ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡ፤ ከአሮጌ ቴፕ ድምፅ ማጉያ የተነቀለች ናት። ጣሪያው ላይ አሳረፏት፤ ልጥፍ አለች። ኮፈኑ ላይም ልጥፍ። የበሩ ግርጌ ላይ ሲያስጠጓት ግን ተንሸራትታ እግራቸው ሥር ወደቀች። አነሷትና ጎማውን የሚከድነው የኋላው ፓራፋንጎ ላይ ሞከሩ፤ ወደቀች። ከፊት መብራቱ ሥር ሞከሩ፤ ወደቀች።

"ልጄ፣ እዚህ ታች ብረት የለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው ያለው?"

"ስቱኮ።"

ልጅቱ ሳቀች፤ ስቱኮ ማለት ስርጉድ የሚለሰንበት ሊጥ መሳይ ነገር ነውና፣ የቀለዱባት መስሏት። ጋሼ ግን ማግኔታቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ "ሳልገፍ ዋጋ አልናገርም" አሏትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብዙ ጋራዥ ዋጋ የሚነግራችሁ መኪናዋን በዓይን ዞር ብሎ ካየ በኋላ ነው። ከቀለም በታች ያለውን ሳያዩ የሚቆርጡ ሰዎች ወይ ነቢይ ናቸው፣ ወይ ከቀለም በታች ያለውን ለማየት አላሰቡም።

ወደ ቮልሷ ሳልመለስ ትንሽ ስለ ዘሯ ልንገራችሁ። ፌርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ይቺ መኪና በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1938 እስከ 2003 ተመርታለች፤ ቁጥሯ 21,529,464 ሲሆን፣ የመጨረሻዋ የወጣችው ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የመምህሩም፣ የሐኪሙም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም መኪና ነበረች። ከዚያም በላይ ታሪክ ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። ዛሬ ከቻይና እየገቡ አዲስ አበባን ያጥለቀለቋት አይዲ 4 እና አይዲ 6 የሚባሉት የኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖች የዚችው የሩቅ ዘመዶች ናቸው። እነሱ ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ማን እንደሚቀጠቅጣቸው እንጃ።

ቮልስ ለቀጥቃጭ የተመቸች መኪና ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ ይፈታሉ። ቦዲው ራሱ ወለሉ ላይ ዙሪያውን በቡሎን የተቀመጠ ስለሆነ፣ ቡሎኖቹን ፈትተው አራት አምስት ሰዎች ቢይዙት ብድግ ይላል። ታዲያ የተመቸች መሆኗ ነው ያጠፋት። ሁሉም ሰው ነካክቷታል።

ልጅቱ በሳምንቷ ተመልሳ መጣች። አጎቷ "ቀብተሽ ሽጫት" ብሏት ነበር። እሷ ግን ለሌላ ሰው ስቱኮ ልትሸጥ ልቧ አልፈቀደም። "ጋሼ፣ ይግፈፏት" አለች።

ሥራው የተጀመረው በመፍታት ነው። የፓራፋንጎ ቡሎን ለስንት ክረምት ጭቃ ሲረጭበት ስለኖረ በቁልፍ ሲያዝ አይዞርም፤ ይሰበራል። ስለዚህ ዘይትና ናፍታ እያጠጡ ያሳድሩታል። ረዳቶቹ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ የተፈታውን ሁሉ በላስቲክ እየቋጠሩ ከየት እንደወጣ ይጽፉበታል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል እንደ ገመድ የሚገባ የፕላስቲክ ጠርዝ አለ፤ የዚችኛዋ ጠርዝ ቀይ ተቀብቷል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ምላሳቸውን አስጮኹ። ፋብሪካው ፓራፋንጎውን ለብቻው ቀብቶ ነው ጠርዙን ከትቶ የሚያስረው፤ ጠርዙ ላይ ቀለም ካለ ቀቢው ቡሎን ለመፍታት አልደከመም ማለት ነው። ያልተፈታ ፓራፋንጎ ደግሞ ከሥሩ ምን እንደተደበቀ አይታወቅም። ቮልስ ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከሁሉ በፊት ይቺን ጠርዝ እዩ።

ከዚያ ግፈፋው መጣ። ቀዩ ሲነሣ ነጭ ወጣ። ከነጩ ሥር ጥቁር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ግራጫ፣ ከግራጫው ሥር ደግሞ ሰማያዊ። ይህ ሰማያዊ የማን እንደሆነ የታወቀው ዳሽቦርዱ ሲፈታ ነው፤ የማንም ቀቢ እጅ ባልደረሰበት በጀርባው በኩል የፋብሪካው ቀለም ከነወዙ ተቀምጧል። ቮልስዋገን በዚያ ዘመን ለየቀለሙ ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ይሄኛው ኤል 390 ነው፣ የባሕረ ሰላጤ ሰማያዊ የሚሉት። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው፤ የቀዩ ነገር ከዚያን ቀን በኋላ አልተነሣም።

አንድ ነገር ላቋርጣችሁና ልበል። የዚያ ዘመን ቀለም ብዙውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት አለበት። በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ በልብስም ተሸክመውት ቤት ልጆች ጋ ይደርሳል። ጋሼ አሮጌ ቀለም በውሃ እያራሱ ነው የሚያስፍቁት፤ ረዳቶቹም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ይሠራሉ፤ ሳይታጠቡ ምሳ አይነኩም። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ እየፈለጋችሁ ሂዱ።

እሺ፣ ወደ በሩ ግርጌ እንመለስ። አንደኛው ልጅ መሮ አስጠግቶ በመዶሻ መታ ሲያደርገው ስቱኮው አልተፋቀም፤ በጠቅላላ ተገንጥሎ ወደቀ። ከአውራ ጣት ይወፍራል። ጀርባው ላይ የወንፊት ሽቦ ተጣብቋል፤ የሚይዘው ብረት ስላልነበረ አንድ ሰው ቀዳዳው ላይ ሽቦ ወጥሮ ነው የለሰነው። ልጅቱ ቁራጩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው። ከውጭ በኩል እንደ መስታወት ያበራል።

ያቺ እብጠት ለምን እንደወጣች አሁን ይገባችኋል። ዝገት ከተወለደበት ብረት እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይገፋል፣ ያነሣል፣ ይሰነጥቃል። ስቱኮ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ከጀርባ በኩል የገባው ውሃ ውስጥ ለውስጥ ሲበላ ኖሮ፣ ቀለሙ ሲያብጥ ባለቤቱ ይሰማል። እብጠት የታየበት ቦታ ዝገቱ የጀመረበት ሳይሆን የጨረሰበት ነው።

የከፋው ግን ከኋላ ነበር። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል፣ በቀጥታ ወለሉ ላይ ነው። አሲድ ጠብ ሲል፣ ሲተን፣ የሚያርፈው እዚያው ነው፤ የሚያየው ደግሞ የለም፤ ባትሪ ሲሞት ብቻ ነው መቀመጫው የሚነሣው። የዚችን ባትሪ ሲያወጡ ከሥሩ የአንድ አሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ ተገኘ፤ ምንጣፉ ሲነሣ የጋራዡ መሬት ታየ። ባትሪውን ይዞት የነበረው ምንጣፉና በዙሪያው የቀረው የላሜራ ጠርዝ ነው። ልጅቱ በዚህች መኪና እስከ ደብረ ዘይት ሄዳ ነበር።

ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱ ሣጥን መሳይ ቱቦዎች አሉ። ሥራቸው ሁለት ነው፤ ከኋላ ሞተሩ ያሞቀውን አየር ወደ ፊት ማድረስ፣ እንዲሁም ቦዲውን እንደ ወገብ ቀጥ አድርጎ መያዝ። ሁለቱም በስብሰዋል። መቆረጥና መቀየር አለባቸው። እዚህ ላይ ነው ቀጥቃጭ ከቀጥቃጭ የሚለየው። ጋሼ ግራይንደር ከማስነሣታቸው በፊት ቱቦላሬ አስቆርጠው በየበሩ ክፍተት ውስጥ በአግድምና በሰያፍ አስበየዱ። ረዳቱ "ጋሼ፣ ነገ ለምንቆርጠው ነገር ዛሬ ለምን እንበይዳለን?" ሲል ጠየቀ። መልሳቸው አጭር ነበር፤ "በሩ ነገ እንዲዘጋ።" ወገቡ ሲቆረጥ ቦዲው ከመሀሉ ይሰምጣል፤ አዲሱን ብረት በሰመጠው ላይ የበየደ ሰው በሩን ሲገጥም በሩ ወይ ከላይ ይነክስበታል፣ ወይ ከታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀርበታል። ያንን ደግሞ ስቱኮ አያድነውም። ለዚህ ነው በሮቹ፣ ኮፈኑ፣ የሞተር መክደኛው ሁሉ ገና በራቁት ብረት ሳሉ ተገጥመው የሚፈተሹት። ከቀለም በኋላ የሚደረግ ማስተካከል ሁሉ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል።

ብየዳውም ጥበብ አለው። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ላይ መስመር ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ቢበይዱ ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል። ስለዚህ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ፤ ነጥቦቹ እስኪገናኙ ድረስ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ፤ መዶሻው።

የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ሰርጉዷል፤ ሰው ግድግዳ አስነክቶት ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ከሥር በመዶሻ ይነርተዋል። ጋሼ በግራ እጃቸው ከሥር መደገፊያ ብረት ይይዛሉ፣ በቀኛቸው ቀላል መዶሻ። ስልቱ ሁለት ነው። መዶሻውና መደገፊያው ፊት ለፊት ከተገናኙ ድምፁ ቂው ይላል፤ ብረቱ በመሀል ተጨፍልቆ ይስተካከላል፣ ግን ይሳሳል፣ ይለጠጣልም። ሁለተኛው መደገፊያውን ከስርጉዱ ሥር ገፋ አድርጎ ይዞ፣ መዶሻውን በስርጉዱ ዙሪያ ባበጠው ላይ ማሳረፍ ነው። ድምፁ ድፍን ይላል። ያበጠው ሲወርድ የሰረጎደው ሳይመታ ይነሣል። ጋሼ ጆሯቸው ከብዷል ብያችሁ ነበር፤ ግን ረዳቱ ሲሳሳት ከግቢው ማዶ ሆነው "ተገናኘህ!" ብለው ይጮኹበታል።

ሲለጠጥ የኖረ ብረት ሲጫኑት ጠብ ብሎ ይገባል፣ ሲለቁት ጠብ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን መዶሻ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ጋሼ የጋዝ ነበልባል አስጠግተው የሳንቲም ያህል ክብ እስክትቀላ ያሞቃሉ፤ በመዶሻ ዙሪያዋን ቀለል አድርገው ይሰበስባሉ፤ ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ያሳርፉባታል። ጭስስ ትላለች። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ከዚያ ሌላ ሳንቲም፣ ትንሽ ራቅ ብሎ። ቸኩሎ ትልቅ ቦታ ያሞቀ ሰው ፓራፋንጎውን ያኮማትረዋል።

ደግሞ ዓይናቸውን አያምኑም። ስስ ጨርቅ በብረቱና በመዳፋቸው መካከል አድርገው፣ በጣት ጫፍ ሳይሆን በሙሉ እጃቸው፣ ከዳር እስከ ዳር ያንሸራትታሉ። ጨርቁ እጅ ከብረቱ ጋር እንዳይያዝ ስለሚያደርግ ዓይን ያላየው ወጣ ገባ ይሰማል። ልጅቱንም አስሞከሯት። የመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተሰማትም። ወደ ኋላ ግን ከሥራ ስትመለስ ጎራ እያለች መዳፏን ማሳረፍ ለምዳ፣ "እዚህ ጋ" ማለት ጀመረች።

እስካሁን ስቱኮን ስረግም ቆየሁ፤ ፍርዱ ግን ልክ ይሁን። ስቱኮ በቦታው ሲሆን ደግ ነገር ነው። መዶሻ የፈለገውን ያህል ቢሠለጥን ብረትን እንደ መስታወት አያደርገውም። ጥፋቱ በቀዳዳ ላይ መለሰን፣ በዝገት ላይ መለሰን፣ መዶሻ ሊሠራው የሚገባውን በውፍረት መሸፈን ነው። ጋሼ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ስቱኮ ካስፈለገ "ቀጥቃጩ አልጨረሰም" ይላሉ። አቀላቀሉም ዋዛ አይደለም፤ ለመቶ እጅ ስቱኮ ሁለት እጅ ያህል ማጠንከሪያ ነው። "ቶሎ ይድረቅ" ብሎ ማጠንከሪያ ያበዛ ሰው ነገሩ ከቀለም በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣበታል፤ በተለይ ቀለሙ ፈዛዛ ከሆነ። ያሳነሰ ደግሞ ፈጽሞ የማይደርቅ ሙጫ ይቀረዋል።

ከዚያ መፋቅ፣ መፋቅ፣ መፋቅ። ይህን ክፍል ባሳጥርላችሁ ደስ ይለኛል፤ ለሠሩት ግን አላጠረም። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ይወጣል፣ በ180 ይለሰልሳል፣ በ320 ይዘጋል። ወረቀቱ በእጅ አይያዝም፤ ቀጥ ባለ እንጨት ወይም ጎማ ላይ ይጠቀለላል፤ በጣት የተፋቀ ቦታ የጣቶቹን ቦይ ይዞ ይቀራል። ቀጥሎ የቀለም መሠረት የሚሆነው ፕራይመር ይረጫል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ስስ የጥቁር ቀለም ብናኝ ነፋ ይደረግበታል። ይሄ ጥቁር ለውበት አይደለም። እንጨቱ በሰያፍ ሲሄድበት ከፍ ያለው ቦታ ቶሎ ይነጣል፤ ዝቅ ያለው ጥቁሩን ይዞ ይቀራል። ቦዲው በገዛ እጁ ካርታውን ይሥላል።

ልጅቱ በዚህ መሀል ትዕግሥቷ አለቀ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ያለቀች ነው የሚመስለኝ፤ ለስላሳ ናት፤ መቼ ነው የሚቀቧት?" አለች። ጋሼ አንድ ጣሳ ውሃ ቀድተው በሩ ላይ ደፉበት። "ጎንበስ ብለሽ ወደ ዳር እይ።" ፕራይመር ደብዛዛ ስለሆነ ሁሉን ይሸፍናል፤ ውሃ ሲነካው ግን ለቅጽበት ያበራል። በሩ ላይ ያንጸባረቀው አጥር ሲታጠፍና ሲወዛወዝ አየች። ከዚያ ወዲህ መቼ ብላ አልጠየቀችም።

በዚህ ላይ ክረምቱ ገባ። ራቁቱን ያደረ ላሜራ በአንድ ሌሊት ቡናማ ይለብሳል፤ ለዚህ ነው ጋሼ የተገፈፈ ብረት ፀሐይ ሳትጠልቅ ኤፖክሲ ፕራይመር ካልለበሰ የማይተኙት። ወፍራሙ የሚፋቀው ፕራይመርም ቢሆን ውሃ ያስገባል፤ "ፕራይመር ለብሳለች" ተብሎ ዝናብ ላይ የቆመች መኪና ከሥር እየዛገች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀለም መርጨትም እንቢ አሉ። ቲነር ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ያርፍበትና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይወጣል። ሌላ ጋራዥ ቢሆን ቀብቶ ገንዘቡን ይቀበል ነበር። ጋሼ ቮልሷን ሸራ አልብሰው ጥግ አስያዟት።

ቀለም የተቀባችው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የሚነገር ትጠብቁ ይሆናል፤ ትንሽ ነው ያለው። ቦዲው በስብ ማስለቀቂያ ተጠረገ። ወለሉ አቧራ እንዳይነሣ ውሃ ተርከፈከፈበት። ጎረቤት ጎማ ማብሪያ የሚረጨው ልጅ "ዛሬ ተወን" ተብሎ ተለመነ፤ ሲሊኮን ያለበት ብናኝ ብረቱ ላይ ካረፈ ቀለሙ እየሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ይፈጥራል። ከዚያ ቀቢው መርጫውን ከብረቱ በስንዝር አርቆ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ግማሽ በግማሽ እየደረበ፣ ሄደ መጣ። ከምሳ በፊት አለቀ።

ቀቢው ያደረገው ማስክ ግን ሊነገርለት ይገባል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የዛሬው ቀለም አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ አስም ያስይዛል፤ አንዴ የያዘው ሰው ወደ ቀለም ቤት መመለስ አይችልም። አፍ ላይ የታሰረ ሻሽ አያግደውም። የሚበጀው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው። ይሄኛውን የገዛችው የቮልሷ ባለቤት ናት፤ ከሥራው ዋጋ ላይ ሳይሆን በተጨማሪ።

ፓራፋንጎዎቹ ለየብቻ ተቀብተው በአዲስ ጠርዝ ታሰሩ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተከፈቱ፤ በተዘጉት ሣጥኖች ውስጥ ፀረ ዝገት ሰም ተነፋ። ባትሪው ሥር አሲድ የማይበላው የፕላስቲክ ሣህን ገባ። ቮልሷ ሰማያዊ ሆና ወጣች። ሊብሬው ላይ "ቀይ" የሚለውን ለማስቀየር ልጅቱ የወጣች የወረደችው ራሱን የቻለ ትረካ ነው፤ ሌላ ቀን።

እናንተ ግን፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቮልስ ካለች፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ የኋላ መቀመጫዋን አንሡ። ባትሪውን አውጡና ከሥሩ ያለውን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ካልበሳ፣ ጠርጋችሁ ሣህን አስቀምጡበት። ከበሳ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ወደ ቀጥቃጭ ውሰዷት።